ባንድ ክር ሁለት መንጠቆ

ስለ ርኅራኄ የሚናገር አፍና ሁለት መንጠቆ የሚያስር እጅ ባንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ባየሁ ቍጥር እገረማለሁ። ነገሩ የትራውት አጥማጆች ነገር ነው። ትራውት በቀዝቃዛና በጠራ ወንዝ የሚኖር ዓሣ ሲሆን፥ ወደ አገራችንም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቋል። እርሱን ከላባና ከፈትል በተሠራ ዝንብ ማጥመድ በእንግሊዞች ዘንድ እጅግ የዳበረ ጥበብ ነው።

ዛሬ ብዙዎቹ አጥማጆች ባንድ ዝንብ አይረኩም። አንደኛውን በውሃው ላይ ያንሳፍፉታል፤ ከእርሱም መንጠቆ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ቀጭን ክር ያስሩና፥ ክንፍ ያላበቀለ የውሃ ተባይ የሚመስል ሁለተኛ ዝንብ ወደ ታች ይሰዳሉ። ዓሣው ከታች የጎረሰ እንደ ሆነ የላይኛው ስምጥ ብሎ ምልክት ይሰጣል። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው በታች ነውና፥ ይህ ብልሃት መሆኑን አልክድም።

እኔም ብሆን የሃልፎርድ ወገን አይደለሁም። ፍሬድሪክ ሃልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ በሚንሳፈፍ ዝንብ ማጥመድን አስተማረ፤ ተከታዮቹም ትምህርቱን እንደ ሃይማኖት ያዙት። ስኪውስ የተባለው የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1910 መጽሐፍ ጽፎ ከውሃ በታች ማጥመድም የተገባ መሆኑን ቢያስረዳ፥ እ.ኤ.አ. በ1938 እንኳ በሎንዶን አጥማጆች ክበብ ክርክሩ ገና አልበረደም ነበር። እኔ ይህን የኩራት ጠብ እለዋለሁ። ስኮትላንዳዊው ስቲዋርት እኮ እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጣው መጽሐፍ ባንድ ክር ላይ ከአንድ የሚበልጥ ዝንብ ማሰርን አስተምሮ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተያዘው ዓሣ ወደ ቅርጫት ይገባ ነበር። ሊበላው የሚያጠምድ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ «እኔ እይዛለሁ እንጂ አልገድልም፤ መልሼ እለቃለሁ» ከሚለው ጋር ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በውሃው ውስጥ የሚሆነውን እስቲ ልብ ብለህ ተመልከት። ዓሣው የላይኛውን ዝንብ ጎረሰ እንበል። የታችኛው መንጠቆ ከሆዱ ሥር እየተወዛወዘ ይከተለዋል፤ እንስሳው ሲገላበጥ በጎኑ፥ በስንጥቡ፥ አንዳንዴም በዓይኑ ይሰካል። ወይም ድንጋይና ሥር ይይዛል፤ ያን ጊዜ ክሩ ከበላይ ቢበጠስ ዓሣው እንደ ታሰረ ፍየል ከዚያው ቀረ ማለት ነው። የላይኛውን አይቶ ሳይጎርሰው ቢመለስም አይድንም፤ አጥማጁ ቸኩሎ ዘንጉን ሲያነሣ የታችኛው ሆዱን ይወጋዋል። በመረብ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሁለቱ መንጠቆዎች ከመረቡ ጋር ሲጠላለፉ፥ አጥማጁ እስኪፈታቸው ድረስ ዓሣው ያለ ውሃ ይቆያል። የመንጠቆውን ጥርስ በጉጠት መደፍጠጥ ጥቂት ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ጥርስ የሌለውም መንጠቆ ይወጋል።

«ሁለት ዝንብ ባስር ዓሣው የሚወደውን ቶሎ አውቃለሁ» የሚሉ አሉ። ይህ ስንፍናን ምርምር ብሎ መሰየም ነው። ከወንዙ ድንጋይ አንዱን ገልብጠው ቢያዩ ከሥሩ የሚርመሰመሰውን ባገኙት ነበር፤ ዝንብ መለወጥም ቢሆን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ደግሞም የወንዝ ውሃ ከላይ ይፈጥናል፥ ከወለሉ አጠገብ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሁለቱ ዝንቦች እየተጓተቱ አንዱ የሌላውን አካሄድ ያበላሻል፤ ይህንንም የሚያስሩት ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል።

ምልክቱ ነው የሚያስፈልገን ካሉ ደግሞ፥ በላይኛው ዝንብ ፈንታ ቁራጭ የበግ ጠጉር ቅባት ቀብተው ክሩ ላይ ይሰሩ፤ ይንሳፈፋል፥ ሲሰምጥም ይታያል፥ መንጠቆም የለውም። ይህን ስነግራቸው ግን ጥቂት ዝም ይሉና «የላይኛውን የሚጎርስ ዓሣ ቢመጣስ?» ብለው ይጠይቁኛል።