ጉግልና ማይክሮሶፍት ሲፋለሙ የኢተያ ፋይል በማን እጅ ነው?

ስለ ጉግልና ማይክሮሶፍት ፉክክር ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የአክሲዮን ዋጋ ወሬ ነው። ሁለት የአሜሪካ ቱጃሮች በሚሻሙት ገበያ ውስጥ ኢተያ ምን ቤት ናት የሚል አንባቢም አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው በዚህች የስንዴ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአርሲ ከተሞች ሁሉ፣ ወረቀት የማይነካው ኑሮ የለም። የተማሪ ውጤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍፍል ዝርዝር፣ የዕድር ሒሳብ፣ ለፍርድ ቤት የሚገባ ማመልከቻ፣ ሁሉም የሆነ ቦታ በኮምፒዩተር ይጻፋል። ከተጻፈ በኋላ ወይ በፍላሽ ላይ የዎርድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፣ ወይ በአንድ ሠራተኛ ጂሜይል በኩል ጉግል ድራይቭ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ተልኮ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ኩባንያዎች የሚጣሉት እንዲህ ባለው ፋይል ላይ ነው፤ የአንድ ከተማ ፋይል ትንሽ ቢሆንም የዓለም ከተሞች ሲደመሩ ትልቅ ነው።

ፉክክሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እስከዚያ ድረስ የቢሮ ሥራ ማለት ኦፊስ፣ ኦፊስ ማለት ማይክሮሶፍት ነበር። ጉግል በዚያ ዓመት ማርች ላይ ራይትሊ የተባለውን፣ ሰው በኢንተርኔት ላይ የሚጽፍበትን አገልግሎት ከነሠሪው ድርጅት ገዛ። ኦክቶበር ላይ ዶክስን ከሒሳብ ሠንጠረዡ ጋር በነፃ ከፈተው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሰላ ተቀምጦ አንድ ገጽ ላይ እኩል መጻፍ የሚቻልበት ዘመን መጣ። ማይክሮሶፍት የኦፊስን የኢንተርኔት ቅጂ ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ በ2010 ነው። በጁን 2011 ደግሞ ኦፊስ 365 ብሎ በየወሩ የሚከፈልበት አደረገው።

ፉክክሩ ጥቅም አላመጣም ማለት ግፍ ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠር ብር ያወጣ የነበረ መሣሪያ ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ በነፃ የሚከፍተው ሆኗል። የመንደር ማኅበር ጸሐፊ በስልኩ የሠራውን ሠንጠረዥ ሊቀ መንበሩ እቤቱ ሆኖ ያየዋል። ማይክሮሶፍትም ተቀናቃኝ ባይመጣበት ኖሮ ነፃ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም ነበር።

ችግሩ ልግስናው የሽሚያ ልግስና መሆኑ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ለኦፊስ 365 ደንበኞቹ ገደብ የለሽ ማስቀመጫ ሰጠ፤ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2015 ላይ፣ ቃሉን አጠፈ፤ ነፃውንም ከ15 ጊጋባይት ወደ 5 እንደሚያወርድ ተናገረ። ጉግልም ለትምህርት ተቋማት ያለ ገደብ የሰጠውን በ2021 አስጠንቅቆ ከ2022 ጀምሮ ገደብ አበጀለት። ከጁን 1 ቀን 2021 ወዲህ የሚፈጠር የዶክስ ፋይል፣ ቀድሞ የማይቆጠር የነበረው፣ ከ15 ጊጋባይቱ ላይ ይቆጠራል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያቸውን ጥቅሉ ውስጥ ከተው ዋጋ ጨመሩ። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ የአንድ ሰው ወርኃዊ ክፍያን ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር አሳደገ። የአውስትራሊያ የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ርካሹን አማራጭ ከደንበኞችህ ደብቀሃል ብሎ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፍርድ ቤት አቆመው።

ይህን በብር መንዝሮ ማየት ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመወሰኑ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥር 2017 ላይ ከ120 ብር አልፏል። በአሜሪካው ዋጋ ቢሰላ 400 ብር ይሆን የነበረው ወርኃዊ ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 1,200 ብር ተጠጋ ማለት ነው፤ ያውም ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ለተገኘለት ሰው።

«ማን ይከፍላል? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ዎርድ እኮ ተሰብሮ የተጫነ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፤ ለዓመታት የኢትዮጵያ ቢሮዎች የተዳደሩት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚገለበጥ ኦፊስ ነው። መታየት ያለበት ግን የፍልሚያው ሜዳ መቀየሩ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው ኦፊስ ሊሰበር ይችላል፤ በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ግን አይሰበርም። ፈቃዱ በየጊዜው ይፈተሻል። ትናንት ዕቃ የነበረው ዛሬ ኪራይ ሆኗል፤ ተከራይ ደግሞ አከራዩ ዋጋ ሲጨምር ወይ ይከፍላል ወይ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ዕቃውን ይዞ መውጣት ካልቻለስ?

አርሲ ይህን ጨዋታ ከብቅል ገብስ ያውቀዋል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የደጋው ገበሬ የብቅል ገብሱን የሚያስረክብበት ትልቁ በር እሱ ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ሄኒከን ያሉ ጠማቂዎች አዳዲስ ዝርያዎችን ይዘው ከገበሬው ጋር መዋዋል ሲጀምሩ የሚያማርጡት ነገር ተገኘ። ዘር በዱቤ መጣ፣ ምክር መጣ፣ ገዢ ገዢን አየ። ዘሩን የተቀበለ ገበሬ ግን ምርቱን ለማን እንደሚያስረክብ ፈርሟል። ይህን አውቆ ነው የሚገባበት። መከር ሲደርስ ውሉ ያልቃል፤ ካልተስማማው በዓመቱ ከሌላ ጋር ይዋዋላል፣ ወይም ማሳውን ስንዴ ይዘራበታል።

የፋይል ውል መከር የለውም። ጉግል ዶክስ ላይ አሥር ዓመት የተጠራቀመ ሰነድ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ያለ የሚመስለው ለዓይን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ወደ ጉግል የሚያመለክት አድራሻ ብቻ ነው። ወደ ዎርድ ለውጦ ማውረድ ይቻላል፤ ሠንጠረዡ ይዛነፋል፣ አንዳንዱ ቀመር ይበላሻል፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየው ታሪክ እዚያው ይቀራል። ከማይክሮሶፍት ቤት ለመውጣትም መከራው ተመሳሳይ ነው። አውሮፓ ይህን ተረድቶ ነው ማይክሮሶፍትን የሞገተው። ስላክ የተባለው ተፎካካሪ በጁላይ 2020 ቲምስ ከኦፊስ ጋር ታስሮ ይሸጣል ብሎ ከሰሰ፤ በሴፕቴምበር 2025 ማይክሮሶፍት ኦፊስን ያለ ቲምስ በቅናሽ ለመሸጥ የገባውን ግዴታ የአውሮፓ ኮሚሽን ተቀብሎ አጸናው። አምስት ዓመት ፈጀ። የአውሮፓን ያህል ገበያ ያለው አካል አምስት ዓመት ከፈጀበት የኢተያ ጸሐፊ አቤቱታ የት ይደርሳል?

ኢትዮጵያ ከፋይል መታሰር ጋር ትውውቋ ደግሞ የቆየ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል አሰጣጥ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የጋራ መለያ ቢያገኝም ብዙ ቢሮ ለዓመታት በድሮው መጻፉን ቀጠለ። ዛሬ ያን ሰነድ ጉግል ዶክስ ላይ የሚጭን ሰው ያው የፊደል ክምር ይጠብቀዋል። በኦሮሚያ የክልሉ ሥራ በቁቤ ስለሆነ የፊደሉ ችግር እዚያ ላይ ቀላል ነው፤ ለፌዴራል የሚጻፈውና የቆየው የአማርኛ ሰነድ ግን አለ። ቁቤውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተረፈም፦ የእንግሊዝኛው ፊደል አራሚ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ያሰምርበታል፣ አንዳንዴም ጸሐፊው ሳያይ ቃሉን ይለውጥበታል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ የሚጨርስለት መሣሪያ ለአፋን ኦሮሞ ቀይ መስመሩን እንኳ በቅጡ አያነሳለትም። ፉክክር የሚሮጠው ገንዘብ ወዳለበት ነው።

ኢንተርኔቱም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል በመላ አገሪቱ ጠፍቶ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰነዱ ሁሉ ደመና ላይ የነበረ ቢሮ ቢኖር የራሱን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም ነበር። «ቴሌግራም ላይ አለን» ለሚሉም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. አምስት ወር ሙሉ ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ታግደው እንደ ነበር አይዘነጋም። ቪፒኤን የረዳው ረድቶታል። የማኅበር መዝገብ በቪፒኤን ላይ ተመሥርቶ አይያዝም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ትልቁ አደጋ ጉግልም ማይክሮሶፍትም፣ መብራት መጥፋትም አይደለም። አካውንቱ የማን ነው የሚለው ነው።

መንግሥት ወረዳዎችን በአንድ መረብ ለማገናኘት ወረዳ ኔትን ከዘረጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያም ሆኖ በአገሪቱ የብዙ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት ደብዳቤ ግርጌ ላይ የሚነበበው ኢሜይል በጂሜይል የሚያልቅ፣ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር የተከፈተ አድራሻ ነው። ያ ሰው ጎበዝ ወጣት ነው፤ ሌላው ስለማያውቅ እሱ ከፈተው። የአባላቱን ዝርዝር፣ የዕጣ መጠናቸውን፣ የብድር ቀሪያቸውን፣ የስልክ ቁጥራቸውን እሱ ድራይቭ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ አዳማ ይዛወራል፣ ወይ ዐረብ አገር ይሄዳል፣ ወይ ስልኩ ይጠፋና ሲሙን ሳያወጣ ይቀራል። የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ጉግል ማረጋገጫ የሚልከው ወደዚያው ቁጥር ነው። ማኅበሩ የጉግል ደንበኛ ስላልሆነ አቤት የሚልበት በር የለውም፤ በጉግል ዓይን ባለቤቱ ግለሰቡ ነው። ዕዳ አለብህ የተባለ አባል ከፍዬአለሁ ቢል ማስረጃው የት አለ?

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞራል። ወንበሩን፣ ካልኩሌተሩን፣ የካዝና ቁልፉን፣ ማኅተሙን ያስረክባል፤ ስቴፕለር ሳይቀር ይቆጠራል። በርክክብ ቅጹ ላይ ግን ኢሜይልና የይለፍ ቃል የሚል መስመር አይገኝም። የማኅበሩ የአሥር ዓመት ትዝታ ከስቴፕለር አንሶ ነው?

በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ በሚሰበስብና በሚይዝ አካል ላይ ኃላፊነት ጥሏል። ሦስት ሺህ አባል ያለው ማኅበር ዝርዝሩን በአንድ ሰው የግል ድራይቭ ላይ አስቀምጦ መረጃውን ጠብቄአለሁ ማለት ይከብደዋል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እስከ ቀበሌ ወርዶ የሚቀጣበት ቀን ሩቅ ሊሆን ይችላል። አባላቱ ግን ቅጣቱን ሳይጠብቁ ይከስራሉ።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይመረጥ? ለሚንቀሳቀስ ሥራ፣ በስልክ ለሚሞላ ሠንጠረዥ ጉግል ይቀላል። ማኅተም ተመትቶበት ለሚወጣ ደብዳቤ ዎርድ ይሻላል፣ ሰውም ለምዶታል። ሦስተኛም አለ፦ ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሰብሮ መጫንም አያስፈልገውም። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒዩተሮቹን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ እሱ እንደሚያዞር ወስኗል። የጀርመን ክልል ዶላር አጥቶ አይደለም ይህን የወሰነው።

መሠረታዊ ማኅበራት ለየብቻ ይህን ይሥሩ ማለት ጭነት ማብዛት ነው። ማዳበሪያ በጋራ የሚያመጣላቸው ዩኒየን አለ፤ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የአገሪቱን መለያ የያዘ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በጋራ ቢያወጣላቸው፣ በሥሩ ለእያንዳንዱ ማኅበር በሰው ስም ያልሆነ፣ በሥራ ኃላፊነት የተሰየመ አካውንት ቢከፍት፣ ወጪው ከአንድ ስብሰባ አበል አይበልጥም። በየወሩ መጨረሻ ሁሉም ፋይል በዎርድና በኤክሴል መልክ ወርዶ በሁለት ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢሮ፣ ሌላው ከቢሮ ውጪ። አማርኛው በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ። የድሮው ሰነድ ኮዱን የሚያውቁት ጸሐፊዎች ጡረታ ሳይወጡ ይገልበጥ።

ለዚህ እንኳ ስብሰባ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ምናልባትም የጨረታ ኮሚቴ ማቋቋም ያስፈልግ ይሆናል። በርክክብ ቅጹ ላይ «ኢሜይልና የይለፍ ቃል ተረክቤአለሁ» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ግን ኮሚቴም በጀትም አይፈልግም፤ ነገ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ተልኮ በአሥር ደቂቃ ታትሞ ይመጣል።