ሲዋክ የኪስ ጌጥ አይደለም

እኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወጣቶች ሲዋክ ከኪሳችን አይጠፋም። ሶፍ ላይ ቆመን የፊት ጥርሳችንን ሁለቴ ነካ ነካ እናደርግና እንመልሰዋለን። ሱናውን ይዘናል እንላለን፤ አፋችን ግን አልጠራም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲዋክን ያበረታቱት ለአፍ ንጽሕናና ለጌታችን ውዴታ ነው። በጥርስና በድድ መገናኛ የሚጋገረው ስስ ቆሻሻ የባክቴሪያ ክምችት ነው። በሻይና በለስላሳ የምንጠጣውን ስኳር ወደ አሲድ ለውጦ ጥርስን ይቦረቡራል። ካልተጠረገ በቀናት ውስጥ ይጠጥራል፤ ያኔ የሚያነሳው የጥርስ ሐኪም ነው። ድዳችን ሲደማ መፋቅ እናቆማለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያደማው ያው ቆሻሻ ነው።

ስለዚህ መንጋጋችንን ከውስጥም ከውጭም በዝግታ እንፋቅ። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና 2 ደቂቃ እንቦርሽ። መድማቱ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ጥርስም አማና ነው። አላህ ያግራልን።