ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ በሚወስደው ጎዳና የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ስለ ዋጋቸው ብዙ ይወራል፤ ስለ ፍሬናቸው የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን ለመረዳት በሬዲዮ የሚታዘዘው የልጆች መኪና ይበቃል። ፍሬን ሲታዘዝ መቆጣጠሪያው የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ያን ጊዜ ጎማው የሚያዞረው ሞተር ዲናሞ ይሆንና የገዛ ኮረንቲው መልሶ ይይዘዋል። በፍጥነት ጊዜ ብርቱ ነው፤ ሊቆም ሲል ይደክማል፤ ቁልቁለት ላይ የቆመን መኪና አጥብቆ ሊይዝ አይችልም።

ትልቁ መኪና ኮረንቲውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራም ይቆጥባል። ጭንቁ ግን እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ ኃይሉን የሚቀበል ስለሌለ፣ በብዙዎቹ መኪናዎች ይህ ፍሬን ይቀንሳል። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ነጂ፣ ትናንት እግሩን ከነዳጅ መስጫው (ነዳጅ ባይኖርም ስሙ አልተለወጠም) ሲያነሳ ይገታለት የነበረው መኪና ዛሬ ሲንደረደርበት ምን ይላል? የእግር ፍሬኑ መኖሩ እውነት ነው፤ የደነገጠ ሰው ግን ይዘገያል። በበኩሌ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ይህን ሊጠይቅ ይገባዋል እላለሁ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮረንቲ ምን አገባው የሚሉ የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን ራሳቸው ይጻፉበት፤ መጽሔታችን ባዶ ገጽ አያጣም።