ስለ ጎልፍ ሃንዲካፕና ስለ ክለብ አባልነት

በእንግሊዝ አገር የንግድ ቤት የከፈተ ሰው አንድ ቀን ወደ ጎልፍ ሜዳ መጋበዙ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ «ሃንዲካፕዎ ስንት ነው?» የሚል ነው። ሃንዲካፕ ማለት ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል ይወዳደር ዘንድ ከውጤቱ የሚቀነስለት የምት ቍጥር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለሙ ሥርዓት አንድ ከሆነ ወዲህ፣ ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች የተሻሉት 8 ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል፤ ከፍተኛው 54 ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ በአብዛኛው ቀን ከሃንዲካፑ የከፋ ውጤት ያመጣል። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ በከንቱ ያዝናል።

ምቱን አሳንሶ የሚጽፍ ሰው በውድድር ቀን ራሱን ይጐዳል። ሆን ብሎ የሚያበዛው ግን የባልንጀራውን ሽልማት ይወስዳል፤ ይህም በሚዛን ላይ ጣትን ከመጫን የሚለይ አይመስለንም።

እንግዲህ ክለብ መግባት ያስፈልጋልን? በዚያው አገር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ያልሆነም ሰው ሃንዲካፕ ማውጣት ተፈቅዶለታል፤ ለቍጥሩ ሲባል ብቻ ከባድ መዋጮ መክፈል ቀርቷል። የሚፈለገው የ54 ጉድጓድ፣ ማለትም የሦስት ሙሉ ጨዋታ ውጤት፣ በምስክር አረጋግጦ ማስመዝገብ ነው። አባልነት የሚያዋጣው መዋጮው ለሚጫወትባቸው ቀኖች ሲካፈል ከዕለቱ ክፍያ የሚያንስለትን ሰው ነው። በወር አንድ ቀን ብቻ የሚያርፍ ባለሱቅ በየዕለቱ እየከፈለ ቢጫወት ይሻለዋል። የመግቢያ ክፍያ ካለም ከሒሳቡ ጋር ይደመር።