ላብ የሚያስወጣ የዝናብ ልብስ እንዲገዛልን የቀረበ አቤቱታ

ለ፦ የሥራ ልብስ ግዢ ለሚመለከተው ክፍል
ጉዳዩ፦ በጅማ ከተማ መርካቶ አካባቢ የተሰማራን የጽዳት ሠራተኞች የዝናብ ልብስን ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው ሠራተኞች የዝናብ ልብስ ስለታደለን እናመሰግናለን። ልብሱ ዝናብ አያስገባም፤ ይህን አንክድም። ላብም ግን አያስወጣም። በሐሙስ ገበያ ማግስት እርጥብ የጫት ገራባና የሙዝ ልጣጭ ጋሪ ላይ ቆልለን ስንገፋ፣ ከገላችን የሚወጣው ተን ላስቲኩ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለስብናል፤ ሸሚዛችን ቢጨመቅ ይንጠባጠባል። ቆም ስንል ያው ሸሚዝ ያንቀጠቅጠናል። ጨንቆን ቁልፉን እንፈታለን፤ የቆሻሻው ፍሳሽ ደረታችን ላይ ይረጫል። «ልብስ ተሰጥቷቸው አይለብሱም» ተብለን የተወቀስነውም በዚሁ ነው።

ስንፍና አለመሆኑን ሌላም ይመሰክርልናል። የዝናብ ሥራ ልብስ የሚመዘንበት የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 343፣ ተን በማሳለፍ ዝቅተኛውን እርከን የያዘ ልብስ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ60 ደቂቃ በላይ ባንድ ጊዜ እንዳይለበስ ይመክራል። እኛ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን እንለብሰዋለን።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን፣ ከጨርቅ ጋር የሚጣበቅ ሜምብሬን የሚባል ስስ ሽፋን አለ። አንዱን ዓይነት አሜሪካዊው ሮበርት ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 የጋለ ቴፍሎን ባንዴ ስቦ በመለጠጥ አገኘው፤ ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ የጠበቡ፣ ለተን የሰፉ ናቸው። ሌላው ቀዳዳ የሌለው ፖሊዩሬቴን ሲሆን፣ ተኑን መጥጦ ወደ ውጭ ያሳልፋል። ይህኛው በዋጋ ስለሚቀል ውዱ ይገዛልን አላልንም። ሜምብሬን ተአምር እንደማይሠራም እናውቃለን፤ ላዩ በጭቃ ሲደፈን ይታፈናል፣ አየሩ ሲወብቅም ይዳከማል። ንጽሕናውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ይሁን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨረታ፣ «ውሃ የማያስገባ» ከሚለው ጎን ልብሱ በ24 ሰዓት በካሬ ሜትር ስንት ግራም ተን ማሳለፍ እንዳለበት ይጻፍልን። መርፌ በወጋው ሁሉ ዝናብ ይገባልና ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ ይሁን። ናሙናውን ለመፈተሽ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፦ ሙቅ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አፉ በጨርቁ ተወጥሮ ይታሰር፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ ይደፋበት፤ የላይኛው ጉም ካልለበሰ ጨርቁ ላስቲክ ነው። ይህም ተወካዮቻችን ባሉበት ይደረግ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪ የመከላከያ ልብስ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለብሰን ልንሠራበት ያልቻልነው ልብስ እንደቀረበ እንዳይቆጠርብን እየጠየቅን፣ መልሱ ክረምት ሳይገባ በጽሑፍ እንዲሰጠን በታላቅ አክብሮት እናመለክታለን።

የአመልካቾች ስምና ፊርማ