የነፍሰ ጡሯን ድድ ማን ያይላታል?

ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ክብደቷ ይመዘናል፣ ግፊቷ ይለካል፣ ደምና ሽንቷ ይመረመራል፣ አይረን ተሰጥቷት ትመለሳለች። ጥሩ ነው። "እስኪ አፍሽን ክፈቺ" የሚላት ባለሙያ ግን ከስንት አንድ ነው። እሷም አታነሳውም። ጥርሷን ስትቦርሽ የምትተፋው ምራቅ ደም መቀላቀል ከጀመረ ሰንብቷል፤ ለእናቷ ብትነግራት "የእርግዝና ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል" ተባለች።

እናትየዋ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በእርግዝና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች ድድን ቁጡ ያደርጉታል፤ በሌላ ጊዜ የሚታገሰው ጥርስ ሥር የተጠራቀመ ቆሻሻ አሁን ያሳብጠዋል፣ ያደማዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑ ነፍሰ ጡሮች ላይ እንደሚታይ ይገልጻል። ብዙዎቹ ከወሊድ በኋላ ይሻላቸዋል። ችግሩ "ይተውሻል" ተብላ የተቀመጠችው ሴት ነች። ስለደማት ጥርሷን መቦረሽ ትተዋለች፣ ቆሻሻው ይጠራቀማል፣ ሕመሙ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። የተበላ አጥንት ልጅ ስለተወለደ ብቻ ተመልሶ አይተካም። ኋላ ጥርሷ ሲነቃነቅ "ልጁ ካልሲየሜን ወሰደው" ትላለች፤ ጽንስ ግን ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም።

ጨክና የጥርስ ክሊኒክ ብትሄድም "ከወለድሽ በኋላ ነይ" የሚላት አይጠፋም። ይህ ጥንቃቄ ሳይሆን ሽሽት ነው። ጥርስ ማሳጠብ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። በሊዶካይን ማደንዘዝም ይቻላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ከፋርማሲ በዘፈቀደ የሚገዛው ቴትራሳይክሊን፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ።

በሌላ በኩል "ድድሽን ካልታከምሽ ያለጊዜው ትወልጃለሽ" እያሉ የሚያስፈራሩም አሉ። የድድ ሕመምና ያለጊዜው መውለድ አብረው መታየታቸው እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ 823 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ ሕክምናው ድዳቸውን አሻሽሏል፣ ጉዳትም አላመጣም፤ ያለጊዜው መውለድን ግን አልቀነሰም። ታዲያ ምን ይሁን? የእናትየዋ ጥርስ ለራሷ ሲባል መታከም አይገባውም? ሁሉን ነገር በጽንሱ በኩል ካላሰሉት የማይታያቸው ሰዎች እዚህ ላይ ቢያስቡበት ይበጃል።

የሚፈለገው አዲስ ሕንፃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። ከስምንቱ በአንዱ አዋላጇ "ድድሽ ይደማል?" ብላ ትጠይቅ። የሚደማ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ የለሰለሰ መፋቂያ፣ በቀን ሁለቴ፣ እየደማም ቢሆን። ካስመለሳት ወዲያው ሳትቦርሽ በውኃ ትጉመጥመጥ፣ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይ። በሁለት ሳምንት ካልተሻላት የሪፈር ወረቀት ይጻፍላት። ወረቀቱን የሚቀበለው የጥርስ ሐኪምም "ከወለድሽ በኋላ" ብሎ አይመልሳት።