በጩኸት ስለ ደከመ ጆሮና ስለ መድኀኒቱ

በአዳማ ከተማ ማለዳ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን የከባድ መኪና ጩኸት ነው፤ ከዚያም የወፍጮው፥ የብረት ቀጥቃጩና የጋራዡ ድምፅ ይከተላል። ከነዚህ ሥራዎች በአንዱ ሠላሳ ዓመት ደክሞ ልጆቹን ያሳደገ አባት፥ በሸመገለ ጊዜ የልጅ ልጁ ስትጠራው አይሰማትም። ቤተ ሰቡም አዝኖ «መድኀኒት ይፈለግለት» በማለት ገንዘብ ያዋጣል። ዛሬ የምንጽፈው ይህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቅ ስለሚገባው ነገር ነው።

በውስጠኛው ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የምትመስል፥ ፈሳሽ የመላባት ትንሽ ክፍል አለች። በርስዋም ውስጥ ከልደት ጀምሮ 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ረቂቃን ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ድምፅ ፈሳሹን ባናወጠው ቍጥር እየተወዛወዙ መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካሉ። ብርቱ ጩኸት ግን ጎርፍ ሣርን እንደሚያስተኛ ያስተኛቸዋል። ጥቂት ከሆነ ጆሮ ጭው ብሎ ያድርና በማግሥቱ ይመለሳል፤ ዘወትር ከሆነ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፥ በሰውም ዘንድ የሞተው አይተካም። ቀድመው የሚሞቱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸውና፥ ሰውየው «ስትናገር እሰማሃለሁ፥ ቃልህ ግን አይለይልኝም» ይላል። በችሎት መዝገብ ለሚጽፍ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምስክሩ ጥያቄው ሳይለይለት፥ ድገሙልኝ ማለትን አፍሮ «አዎን» ይላል፤ ቃሉም እንዲሁ ይጻፋል።

የዶሮ ነገር ይደንቃል። የአሜሪካ ሊቃውንት በ1980 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ጆሮዋ በጩኸት የተጎዳ ጫጩት እነዚያኑ ሕዋሳት እንደ ገና ታበቅላለች። ከዚያ ወዲህ ለሰውም እንዲሁ የሚያደርግ መድኀኒት ሲፈለግ ኖሯል። ብዙ ተስፋ ከተጣለባቸው አንዱ፥ በጆሮ ታምቡር አልፎ በመርፌ የሚሰጠው ኤፍ ኤክስ 322 የተባለው ነበረ። በመጀመሪያው ትንሽ ሙከራ አንዳንዶች ቃል መለየት እንደ ተሻላቸው ተነግሮ ነበር፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. በተገለጸው ሰፊ ሙከራ ግን መድኀኒቱን የተቀበሉት፥ መድኀኒት የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀበሉት ብልጫ ስላልታየባቸው፥ የአሜሪካው ኩባንያ ሥራውን ተወው። ሌሎች መርምረው አላበቁም፤ እስከ ዛሬ ግን በጩኸት የሞተውን ሕዋስ የሚመልስ የተፈቀደ መድኀኒት የለም። «ፍጹም ያድናል» ብሎ ጠብታ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ፥ እናቶች ሆይ፥ ቦርሳችሁን አትክፈቱለት።

እንዲያውም ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን፥ ሕይወት የሚያድኑ መድኀኒቶች ሲሆኑ፥ እነዚያኑ ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ጀንታማይሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመር የቀረውን መስማት ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

መጣደፍ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ አለ። ጆሮ በፍንዳታ ወይም በድንገት መስማት ቢያቆም፥ ሐኪሞች ብግነትን የሚያበርድ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኀኒት ይሰጣሉ፤ ይህም የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፥ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። «ለነገ ይሻለው ይሆናል» እያሉ ጆሮውን በቅቤ ማሸት ያን ጊዜ ያባክናል። ቀስ በቀስ የደከመውንም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ምናልባት የደፈነው ኩክ ወይም መግል ሊሆን ይችላልና፥ ይህስ ይታከማል። ሕዋሱ የሞተበት ሰው የማዳመጫ መሣሪያ ይረዳዋል፤ ቤተ ሰቡም ከኋላው ሆነው ከመጮኽ ይልቅ ፊት ለፊት ቀርበው በዝግታ ቢያናግሩት ይሰማል።

ገና በሥራ ላይ ላሉት ልጆች መለኪያው ቀላል ነው፤ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበትን ባልንጀራውን ለማናገር የሚጮኽ ሠራተኛ፥ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ያህል ደርሷል ማለት ነው። ይህም በቀን ለ8 ሰዓት የተወሰነ ሲሆን፥ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ሰዓቱ በእኩሌታ ይቀንሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያዛልና፥ ሠራተኛው የጆሮ መድፈኛ ሊጠይቅ መብቱ ነው። በጆሮ የሚወተፍ ጥጥ ግን ጩኸቱን እምብዛም አያግድም።